እጥበት ላይ ሆኜ የድሬን ሙቀት እንዴት እንደቻልኩት

ድሬ ላይ ተቀምጦ «ውሃ ቀንሺ» መባል ቀልድ ይመስላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጥላ ሥር ቁጭ ብላችሁም ላብ በጀርባ ይወርዳል። ሰው ቤት ስትገቡ ገና ሳትቀመጡ የሚጠጣ ይቀርብላችኋል። እኔ ደግሞ ታይዋን ገበያ ልብስ ስለምሸጥ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሥር ነው የምውለው። እንዲያም ሆኖ ሐኪሜ የፈቀደልኝ በቀን 800 ሚሊ ሊትር ነው። ሻዩም፣ ሾርባውም፣ መድኃኒት የምውጥበትም ተደምሮ።

የኩላሊት እጥበት፣ ማለትም ደሜን በማሽን ማሳጠብ፣ ከጀመርኩ ቆየሁ። ሥራዬንም አልተውኩም። ይህን የምጽፈው አዲስ ለጀመራችሁና ቤት ውስጥ ለሚያበስሉላችሁ ሰዎች ነው። ለሚያበስሉት በተለይ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል። ሐኪም አይደለሁም። የእኔ ቁጥር ለእኔ የተሰጠ ነው፤ የእናንተን ከሐኪማችሁ ውሰዱ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ጤነኛ ኩላሊት ትርፍ ውሃን በሽንት ያስወጣል። ኩላሊት ሲደክም ውሃው መውጫ ያጣል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ ይታያል፤ ካልሲ ስታወልቁ የላስቲኩ ምልክት ተሰርጉዶ ይቀራል። ጠዋት ፊት ያብጣል፣ ዓይን ሥር ይነፋል። የደም ግፊት ይወጣል። ሲብስ ሳንባ ውስጥ ይገባና ትንፋሽ ያሳጥራል። ልብም ያን ሁሉ ውሃ ስትገፋ ትደክማለች። ብዙ ሰው እግሩ ካላበጠ ደህና የሆነ ይመስለዋል፤ ግን እግር ሳያብጥም ግፊትና ሳንባ ሊጎዱ ይችላሉ።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ከአንዱ እጥበት እስከሚቀጥለው ድረስ ሚዛን ላይ የጨመረው ኪሎ በሙሉ ማለት ይቻላል ውሃ ነው። «አቦ ወፈርሽ፣ ተስማማሽ!» የምትለኝ ጎረቤት አለችኝ። በማግስቱ ማሽኑ ውፍረቴን ወስዶ ሲመልሰኝ «ምነው ከሳሽ?» ትላለች። ሁለቱም ያው ውሃ ነው።

ትርፉ ውሃ በሙሉ ወጥቶ፣ ግፊታችሁ ተስተካክሎ፣ ሳትዞሩና ሳትዝሉ የምትመዝኑት ኪሎ ደረቅ ክብደት ይባላል። ይህን ቁጥር እንደ ስማችሁ ያዙት። የእኔ 60 ኪሎ ነው። በሁለት እጥበት መካከል እስከ ሁለት፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል ኪሎ ብጨምር ሐኪሜ ዝም ይለኛል። ከዚያ ካለፍኩ መነጽሩን አውልቆ ያየኛል።

ለምን ይህን ያህል ይጨነቃል? ማሽኑ ውሃውን የሚስበው ከደም ውስጥ ብቻ ነው። እግርና ሳንባ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ መጀመሪያ ወደ ደም መመለስ አለበት፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ማሽኑ ቶሎ ቶሎ ከሳበ ደም ሥር ይጎድልና ግፊት ዝቅ ይላል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በሰዓት ከ13 ሚሊ ሊትር በላይ ባይሳብ ይመረጣል ይላሉ። በእኔ ክብደት ሲሰላ በሰዓት 780 ሚሊ ሊትር፣ በአራት ሰዓት ሦስት ሊትር ግድም ነው። አራትና አምስት ኪሎ ተሸክሞ የመጣ ሰው እንግዲህ ወይ ውሃውን ይዞ ይመለሳል፣ ወይ በሥቃይ ይወጣለታል።

ሥቃዩን የቀመሰ ያውቀዋል። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ማዛጋት ይጀምራል። እንቅልፍ የመጣ ይመስላችኋል፤ ግፊት እየወረደ ነው። ከዚያ ቀዝቃዛ ላብ፣ ዓይን ጭልም ማለት። ወይ ደግሞ ባት ላይ ያለው ጡንቻ ይቋጠራል። ድንጋይ ይሆናል። ጣቶቼ ያለ እኔ ፈቃድ ወደ ታች ይታጠፋሉ፤ ሲስተሯ እየሮጠች መጥታ መዳፏን ውስጥ እግሬ ላይ ታደርግና ወደ ጉልበቴ አቅጣጫ ትገፋዋለች። ያን ሰዓት እናቴን ነው የምጠራው። ስታዛጉ ወይም ሲከብዳችሁ ዝም አትበሉ። ቶሎ ከተናገራችሁ የመሳቡን ፍጥነት ይቀንሱላችኋል።

በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት መታጠብ ነው የተለመደው። እኛ አገር ከወጪው የተነሳ በሳምንት ሁለቴ የሚታጠብ ብዙ ነው፤ እኔም እንደዚያው። ሁለቴ የምትታጠቡ ከሆነ በመካከል ያለው ቀን ስለሚረዝም ጥንቃቄው በዚያው ልክ ይጨምራል። በተለይ ረጅሙ ክፍተት ላይ። የእኔ ቅዳሜና እሑድ ላይ ይውላል፤ ሠርግ፣ ማኅበር፣ ልደት የሚከመርበት ቀን።

የቀን መጠናችሁ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስሌት ይህ ነው። የ24 ሰዓት ሽንታችሁን ትለካላችሁ፣ በዚያ ላይ 500 ሚሊ ሊትር ትደምራላችሁ። 500ው በላብ፣ በትንፋሽና በሰገራ ለሚወጣው ማካካሻ ነው። እኔ ስለካ ሽንቴ 300 ሆነ፤ 800 ያልኳችሁ ከዚያ የመጣ ነው። ሽንት ከጊዜ ጊዜ እየቀነሰ ስለሚሄድ አንዴ ለክቶ መተው አይሆንም። የዓምናው ሽንት የዘንድሮውን ውሃ አይከፍልም። ጨርሶ የማይሸና ሰው ደግሞ የሚቀረው 500ው ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ከውሃ ጋር መታገል ከንቱ ድካም ነው። ትግሉ ከጨው ጋር ነው። ጨው በልቶ ውሃ አልጠጣም ማለት አይቻልም። ደም ውስጥ ጨው ሲበዛ አንጎል «ጠጪ» ብሎ ያዛል፣ እስክትጠጡም አይለቅም። የፈለገ ጠንካራ ሰው ብትሆኑ ሌሊት ተነስታችሁ ትጠጣላችሁ።

ክንድ ላይ የሚሰቀለውን ኖርማል ሳላይን የሚባል ከረጢት አይታችሁ ይሆናል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው ነው ያለው። ሰውነታችንም ጨውን የሚይዘው በዚያው ገደማ አቅጥኖ ነው። እንግዲህ 9 ግራም ጨው የበላ ሰው አንድ ሊትር ውሃ እስኪያገኝ ድረስ ይጠማዋል፤ ያን ሊትርም ሰውነቱ ይዞ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል። እሱ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ያንን ደግሞ ወጡ፣ ዳቦው፣ ሳምቡሳው፣ ሚጥሚጣው ይካፈሉታል።

ለዚህ ነው ማዕድ ቤት ያሉትን ሰዎች በተለይ ያልኩት። የእኛ ቤት ማብሰሉን የያዙት አማቴ ናቸው። «ጨው የሌለው ወጥ የበሽተኛ ምግብ ነው» ይሉ ነበር። በሽተኛ መሆኔን እሳቸውን ለማስታወስ ጊዜ ወሰደብኝ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ወጡ በስሎ ጨው ሳይገባበት የእኔ ድርሻ በትንሽ ድስት ይቀነሳል። ከዚያ እሳቸው ለቀረው ቤተሰብ እንደልባቸው ይጨምራሉ። ሁለት ወጥ መሥራት አላስፈለገም።

ግን ድስቱ ላይ ብቻ ብትጠነቀቁ አይበቃም። ጨው የሚገባው ገና ወፍጮ ቤት ሳይደርስ ነው። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ሚጥሚጣም እንደዚያው። ሽሮውም አንዳንድ ቤት ጨው ተቀላቅሎበት ነው የሚፈጨው። «ጨው አላደረግንበትም» እየተባልኩ ለምን እንደሚጠማኝ የገባኝ በርበሬ ስናስፈጭ አጠገባቸው ቆሜ ሳይ ነው። አሁን የእኔ በርበሬና ሽሮ ለብቻ ይፈጫል፤ ጣሳው ላይ ስሜ አለበት። ከሱቅ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ መጠየቅ ነው። ሾርባ ላይ የሚጣለው ኩብ፣ ቋንጣ፣ የታሸገ ቲማቲም፣ ቺፕስ፣ ከመንገድ የሚገዛ ጨው የበዛበት ለውዝና ድንች፣ እነዚህን ብትተዋቸው አትጎዱም።

ጣዕሙስ? መጀመሪያ ሰሞን ምግቡ አፈር አፈር ይላል፣ አልዋሻችሁም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምላስ ይለምዳል። እኔ አሁን ሰው ቤት ስበላ ጨው ይበዛብኛል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ ጨመር ማድረግ ነው፤ ሲቀርብ ደግሞ ሎሚ ጠብ ማድረግ። አንድ ነገር ግን አደራ። «ለግፊት በሽተኛ የሚሆን ጨው» ተብሎ የሚሸጠውን አትንኩ። አብዛኛው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ነው፤ የደከመ ኩላሊት ስለማያስወጣው ለእኛ ለልብ አደገኛ ነው።

ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ሌላ የጥማት ምንጭ አለባችሁ። ደም ውስጥ ስኳር ከፍ ሲል ጨው ሳይበሉም ይጠማል። ጥማታችሁ ከተለመደው ውጭ ከሆነ ውሃ ከመቁጠር በፊት ስኳራችሁን ለኩ።

ልኬቱን በተመለከተ፣ ከመለካት የቀለለኝ ነገር የለም። ትልቁ ልጄ ሕፃን ሆኖ የጠባበት ጡጦ ነበረን፤ መስመርና ቁጥር ያለበት። በእሱ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ለካሁ። የሻይ ብርጭቆዋችን 120 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። ሲኒያችን 70። ጭልፋችን 100። እናንተም የራሳችሁን ለኩ፤ ሲኒ ከሲኒ ይለያያል። ከዚያ በኋላ የሚጠጣ ሁሉ በቁጥር ይታወቃል፣ ክርክርም የለም።

ጠዋት 800ውን በአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ እሞላለሁ። ሰው ቤት አንድ ሲኒ ቡና ከጠጣሁ ቤት ስመለስ 70ውን ከጠርሙሱ ላይ ቀንሼ በር ላይ ላለችው የሪሃን ተክል አፈስላታለሁ። ሪሃኗ እንዲህ አምራ አታውቅም። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ለዛሬ የቀረኝ ነው፤ ማስታወሻ ደብተር አያስፈልግም። ጠርሙሱን ለሦስት ከፍዬ ነው የምጠቀመው፤ ጠዋት ትንሽ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ አብዛኛው፣ ለማታ ደግሞ የግድ የምትተርፍ።

ምን ይቆጠራል ለሚለው፣ «በክፍል ሙቀት የሚፈስ ሁሉ» ይላሉ። በረዶ፣ አይስክሬም፣ ሾርባ፣ አጥሚት፣ እርጎ፣ ወተት። ድሬ ላይ በክፍል ሙቀት ቅቤም ይፈሳል ብዬ ሲስተሯን አስቄያታለሁ። ሐብሐብ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ እኔ እንደ መጠጥ ነው የምቆጥረው። ገንፎና ሩዝም ሲበስሉ የጠጡት ውሃ ሆዳችሁ ውስጥ ነው የሚገባው።

ፍራፍሬ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ጥም ለመቁረጥ ብሎ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ማንጎ ወይም ስፕሪስ ጁስ መያዝ ጥም ይቆርጥ ይሆናል፤ ፖታሲየሙ ግን ልብን ሊያቆም ይችላል። ይህን ማጋነን አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። በምን ያህል መጠን መብላት እንደምትችሉ የደም ምርመራችሁን አይቶ የሚነግራችሁ ሐኪሙ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ሰው ነው። የድሬ ሰው ደግ ነው፤ ደግነቱ ደግሞ ሁሉም ፈሳሽ ነው። ሱቄ ውስጥ ሻይ አዟሪዋ ልጅ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ አትጠይቁኝ። ደንበኛ ይጋብዛል፣ ጎረቤት ሱቅ ይልካል። «አቦ ጠጪ፣ ሻይ ምን ያደርግሻል?» እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። በመጨረሻ ከሻይ ልጅቷ ጋር ተነጋገርን። ለእኔ የምታመጣው ብርጭቆ ሩብ ድረስ ብቻ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሻይ ይዣለሁ፣ ክብርም አልተነካም። ጋባዦቼም ካየሁት ምን ያህል እንደጠጣሁ አይመለከቱም፤ ብርጭቆ በእጄ መኖሩን ነው የሚመለከቱት።

ቡና ላይ አቦሉን ብቻ እጠጣለሁ። ሦስቱንም ብጠጣ 210 ነው፣ የቀኔ ሩብ አለቀ ማለት ነው። ቶናና በረካ ሲቀዳ ሲኒዬን ገልብጬ ወሬዬን እቀጥላለሁ። ቡና ላይ ጨው የምታደርጉ ካላችሁ ደግሞ ያው ነገሩ ገብቷችኋል። ሐረር እህቴ ጋ ስሄድ የሚቀርብልኝ ሆጃ ነው፤ ከቡና ቅጠል ወይም ገለባ የሚፈላው። ሆጃ እወዳለሁ። ግን ወተት አለበት፣ ብዙ ቤትም ጨው ጠብ ይደረግበታል፤ አንድ ስኒ ሆጃ ውሃም፣ ጨውም፣ ፖታሲየምም አብሮ ነው። አንዲት ሲኒ እቀምሳለሁ፣ ሙሉ ኩባያ ግን አይሆንም።

ጫት የምትቅሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ድሬ ነን። በርጫ ላይ አፍ ይደርቃል፣ አጠገብ ውሃ፣ ሻይ፣ ለስላሳ ይደረደራል፤ ሰው ሳያስበው ሊትር ይጨርሳል። ጫቱ ራሱም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። አጠገቤ የሚታጠብ ጎልማሳ ሰውዬ ሁልጊዜ ሰኞ ሰኞ ክብደቱ ይጨምር ነበር። እሑድ ከጓደኞቹ ጋር እንደሚቅም ለሐኪሙ ተናግሮ አያውቅም፤ እኛ ወንበርተኞቹ ግን እናውቃለን። አንድ ቀን ትንፋሽ አጥሮት በሰው ድጋፍ ገባ፤ ያን ጊዜ ነው ሲስተሯ ሁሉንም ነገር የጠየቀችው። ተናገረ። አሁን ወዳጆቹ ጋ ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ አይቅምም። እንደሚከብደው ፊቱ ላይ ይታያል።

ጸበልን ሳልጽፍ ባልፍ ግማሹን ደበቅሁ ማለት ነው። ለኩላሊት ሕመምተኛ ሁሉም የሚያዝዘው ጸበል ነው፤ በጀሪካን ተሞልቶ ይመጣል። ቁልቢ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። በዚያ ላይ «ኩላሊትን የሚያጥበው ውሃ ነው፣ ብዙ ጠጪ» የሚል አለ። ይህ ምክር ለኩላሊት ጠጠር ላለበት ሰው ሊሠራ ይችላል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ተቃራኒው ነው። የንስሐ አባቴን ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ጸበል ምን ያህል ልጠጣ?»

«ሐኪሙ በቀን ስንት አለሽ፣ ልጄ?»

«ስምንት መቶ።»

«እንግዲያ ከዚያው ላይ ነዋ። ሦስት ጉንጭ ጠጪ፣ ሌላውን ተቀቢው።»

ከዚያ ወዲህ ጀሪካን ይዞ የሚመጣን ሰው የምመልስበት ቃል አገኘሁ፤ አባ ብለውኛል ሲባል ማንም አይከራከርም። መጠመቅን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንገታችሁ ላይ ወይም ደረታችሁ ላይ ካቴተር፣ የእጥበቱ ቱቦ፣ ካለ ውሃ እንዳይነካው፤ ኢንፌክሽን በቀጥታ ወደ ደም ይገባል።

ለሙስሊም ወገኖቼም ያው ነው። ጎረቤቴ ዘምዘም ስታመጣልኝ በቡና ሲኒ ቀድታ ነው፤ እሷ ገብቷታል። ረመዳን ላይ መጾም አለመጾምን ሐኪማችሁና ሼኻችሁ ይንገሯችሁ። የማፍጠሪያው ማዕድ ግን ይታሰብበት። ሾርባው፣ ጁሱ፣ ቴምሩ፣ ሳምቡሳው በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃውን፣ ጨውንና ፖታሲየሙን አንድ ላይ ያስገቡታል።

አፍ ሲደርቅ ምን ይደረጋል? ብዙ ጊዜ ጥማት የምንለው የአፍ መድረቅ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት ይረዳል፤ መትፋቱን እንዳትረሱ። ሎሚ ቆርጦ መምጠጥ፣ ማስቲካ ማኘክ፣ ሄል ወይም ቅርንፉድ አፍ ውስጥ ማቆየት ምራቅ ያመጣል። ጥርስን በመፋቂያ መፋቅ የሚገርም ለውጥ አለው። አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ፤ ለሐኪም ሳትነግሩ አትውሰዱ። የዕለት መድኃኒቶቼን ደግሞ፣ ከምግብ ጋር የሚወሰዱትን፣ ከእንጀራ ጉርሻ ጋር ነው የምውጣቸው። ለእያንዳንዷ ኪኒን ግማሽ ብርጭቆ ብጠጣ ቀኑ በኪኒን ያልቅ ነበር።

በረዶ እወዳለሁ። ከድርሻዬ 200ውን በበረዶ መሥሪያው ላይ አፈስና አቀዘቅዛለሁ። አንዲት ፍሬ አፍ ውስጥ ስትቀልጥ ጉንጭ ሙሉ ውሃ ያላረካውን ታረካለች፣ ደግሞም ትቆያለች። ችግሩ መብራት ነው። ሲጠፋ ሁሉንም ቀልጦ አገኘዋለሁ፤ ያን ጊዜ ያው በጉንጭ በጉንጭ ነው።

ሙቀቱን ራሱን መሸሽ ከውሃው በላይ ይጠቅማል። ቤት ሽቲ የሚባለውን ስስ ቀሚስ ነው የምለብሰው፤ ሱቅም ሰፊና ስስ ጥጥ። እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ ማድረግ፣ እግርን ውሃ ውስጥ መንከር፣ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ ላይ አለመውጣት። ሌሊት ሲብስ እንደ ድሮው ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን እንተኛለን። በጣም ሲሞቅ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር እህቴ ጋ አድራለሁ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ግድም ነው፣ ሐረር 1850 ገደማ፤ ያን ዳገት ስንጨርስ መስኮቱ ላይ የሚመጣው አየር ራሱ ጥም ይቆርጣል። ግን የእጥበት ቀኔ ሳይደርስ ተመልሼ።

«ላበኝ፣ ስለዚህ ልጠጣ» የሚለው ሐሳብ እውነት አለው። ሙቀት ላይ የሚላብ ሰው በእርግጥ ውሃ ያጣል። ሐኪሜም በከባዱ ወር ትንሽ እንድጨምር ፈቅዶልኛል። ስንት የሚለውን ግን የሚነግረኝ ላቤ አይደለም፣ ሚዛኔ ነው። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄድኩ በኋላ፣ ቁርስ ሳልበላ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ እመዘናለሁ። ሚዛኑን ሲሚንቶ ላይ አድርጉት፤ ምንጣፍ ላይ ይዋሻል። የቤቴ ሚዛን ከእጥበት ቤቱ በስምንት መቶ ግራም ይበልጣል፤ ልዩነቱን ስለማውቀው ግድ የለኝም። በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ ካልጨመርኩ ደህና ነኝ።

አንዳንዶች የሚያደርጉት ነገር ያሳዝነኛል። እጥበት ሊገቡ ሲሉ ሚዛን ላይ ትንሽ ለመታየት ብለው ምግብ ይተዋሉ። ክብደቱ ይቀንስ ይሆናል፤ የሚቀንሰው ግን ሥጋቸው ነው። ደረቅ ክብደት ደግሞ አይቆምም፣ ይንቀሳቀሳል። ታማችሁ ሰንብታችሁ ሥጋ ከቀነሳችሁ፣ ሚዛኑ ያው ቁጥር ቢያሳይም ባዶውን ቦታ ውሃ ሞልቶታል ማለት ነው። በተቃራኒው የምግብ ፍላጎት ተመልሶ ከወፈራችሁ በድሮው ቁጥር ሲያደርቋችሁ ትዞራላችሁ። ልብሳችሁ ሲሰፋ ወይም ሲጠብ ተናገሩ።

ጋደም ስትሉ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሁለት ትራስ ካስፈለገ፣ ሌሊት እየታፈናችሁ ተነስታችሁ ከተቀመጣችሁ፣ የእጥበት ቀናችሁን አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ባጃጅ ካጣችሁ ጎረቤት ቀስቅሱ።

ስትሄዱ ደግሞ ማን እንደሆናችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። አንድ ቀን ድካም ጣለኝና አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ልጁ ገና ስሜን ጽፎ ሳይጨርስ ግሉኮስ ሊሰቅልልኝ ተነሳ። አንድ ሊትር። የቀኔን ድርሻ በአንድ ከረጢት። ደክሞኛል ለሚል ሰው ሁሉ ያንን መስቀል ልማድ ሆኗል፤ ታካሚውም ካልተሰቀለለት የታከመ አይመስለውም። እጄን ሰብስቤ እጥበት ላይ መሆኔን ስነግረው ደነገጠ፤ እኔም ደነገጥኩ።

አሁን የሞባይሌ ሽፋን ውስጥ አንዲት ወረቀት አለች። እጥበት ላይ ነኝ፤ ደረቅ ክብደቴ 60 ነው፤ የምታጠብባቸው ቀኖች እነዚህ ናቸው፤ ያለ እጥበት ሐኪሜ ፈቃድ ግሉኮስ አትስቀሉ፤ ፊስቱላ (ለእጥበት የተዘጋጀ ደም ሥር) ያለበትን ግራ እጄን በመርፌም በግፊት መለኪያም አትንኩ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አስጽፌዋለሁ። ድሬ ነው፤ ብወድቅ ማን እንደሚያነሳኝ አይታወቅም።